ሠላሳ ስድስቱ ጨርቆች

«እሷ እንደሆነች ቤት ነው የምትውለው፤ ምን ይከብዳታል?»

ድምፁ የመጣው ከእትዬ እናት ትራስ ላይ ነው። እናትየው ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛ መቆየት ስለሚያቅታት ድምፁን ከፍተው ትራሱ ላይ ያስቀምጡላታል፤ ስለዚህ ወንድ ልጇ ከቢሮው ሆኖ የሚያወራው ሁሉ ለቤቱ በሙሉ የታወጀ ያህል ይሰማል። እሱ ግን ይህን ልብ ብሎት አያውቅም። እትዬ በሩ ላይ ቆመች። ባንድ እጇ የረጠቡ ጨርቆች የሞሉበት ባልዲ፣ በሌላው ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይዛለች። «ጨርቁ ተስማምቶሻል አይደል እማዬ?» ሲላት እናቷ «በጣም ልጄ፣ በጣም» አለችው። እሱም «አየሽ፣ ብዬሽ ነበር» አለና ከሰዓት በኋላ ከሚስቱ ጋር ብቅ እንደሚል ነግሯት ዘጋው። እትዬ ምንም እንዳልሰማች ሆና ገባችና ብርጭቆውን ከአልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አኖረችው። እዚያው ወንበር ላይ ሌላ ብርጭቆ ነበር፤ ጠዋት ያስቀመጠችው ነው፣ እንደሞላ።

እትዬ የሚለውን ስም ያወጣላት ይኸው ታናሽ ወንድሟ ነው። ከእሱ ሰፈሩ ወሰደው፤ ዛሬ አባት የሚሆኗት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እትዬ ይሏታል። እሷም በበኩሏ ስም አልነፈገችውም። ልጅ ሳለ እኩዮቹን ሰብስቦ «አንተ ፖሊስ፣ አንቺ ሌባ፣ አንተ ዳኛ» እያለ ጨዋታውን ካከፋፈለ በኋላ እሱ ራሱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያይ ነበርና ሊቀመንበር አለችው። ስሙ ሥራ ሆኖለት ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የአካባቢ ጥበቃ ሥልጠና ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን እትዬ በየቀኑ ለራሷ ትነግራለች፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መናገር የሚያስፈልግበት ቀንም አለ።

ጨርቁን የገዛችው ሚስቱ ብትሆንም ያመጣው እሱ ነው፤ የዛሬ ሁለት ወር፣ በሚያምር ካርቶን። እናታቸው ግማሽ ጎኗ ከታመመ ወዲህ ሽንቷን መቆጣጠር ስላቃታት የአዋቂ ዳይፐር ታደርግ ነበር። የአንዱ እሽግ ዋጋ እትዬ አርባ የሸሚዝ ኮሌታ ሰፍታ የምታገኘውን ያህላል፤ የሚገዛው ደግሞ ሊቀመንበሩ ነበር። አንድ ቀን ከሥልጠና መልስ መጥቶ «አንዱ ዳይፐር እኮ አምስት መቶ ዓመት መሬት ውስጥ ሳይበሰብስ ይቀመጣል» ሲል እናቱ «እኔ እቀድመዋለሁ፣ አታስብ» አለችውና ሁሉም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ፌስታሉ ቀረ፣ ሶፍቱ ቀረ፣ የወጥ ቤቱ ወረቀት ቀረ፤ በመጨረሻ ዳይፐሩ ቀረና በቦታው እየታጠበ የሚመላለስ ሠላሳ ስድስት ነጭ ጨርቅ መጣ። እውነቱን ለመናገር እትዬም አልጠላችውም። በየማለዳው ጥቁር ፌስታል ተሸክማ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ስትወርድ መንገድ ጠራጊዋ በፌስታሉ ክብደት የቤታቸውን ገመና የምታውቅባት ይመስላት ነበር፤ ከዚያ ተገላገለች። በእናቷ ጭን ላይ የነበረው ሽፍታም በመጀመሪያው ሳምንት ጠፋ። ማን ያጥበዋል የሚለውን ግን ማንም አልጠየቀም። ጥያቄ መሆኑም ለማንም አልታየም።

ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና አርብ ነው፤ ጠዋት መጥቶ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሄዳል። ዛሬ አርብ ነው። እትዬ ከንጋት ጀምሮ በርሜሉን ሞልታለች፣ ጀሪካኖቹን ሞልታለች፣ የሁለት ቀን ጨርቅ ዘፍዝፋ፣ አሽታ፣ አለቅልቃ፣ ግማሹን ከኮሪደሩ እስከ ደረጃው በተወጠረው ገመድ ላይ አስጥታለች። የላይኛው ፎቅ ተከራይ ሲወርድ በጨርቆቹ መሀል አንገቱን ሰብሮ ነው የሚያልፈው፤ ድሮ «ደህና አደርሽ» ይል ነበር፣ አሁን ጉሮሮውን ብቻ ያጸዳል። መስኮቱ ስር ያለው የስፌት መኪና ላይ ደግሞ ነገ ጠዋት ለሸሚዝ ቤቱ የሚደርስ ስልሳ ኮሌታ ተቆልሏል፤ ከእሱ የተሰፋው አሥራ አራት ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ «ቤት ነው የምትውለው» ያለው ይህንኑ ነው። እሷ ራሷ አንዳንድ ጊዜ ሰው ሥራዋን ሲጠይቃት «ቤት ነኝ» እያለች መመለስ ከጀመረች ቆይታለች።

ከአሥር ቀን ወዲህ ነገሩ ተበላሽቷል። ጨርቁ አልይዝ ብሏል። ቀይራት ገና ኮሌታ አንስታ ወደ መኪናው ከመዞሯ ከአልጋው «እትዬ…» የሚል ቀጭን ድምፅ ትሰማለች፤ አንሶላው ርሷል፣ ከስር የተነጠፈው ላስቲክ ርሷል፣ አንዳንዴም በላስቲኩ ጠርዝ አልፎ ፍራሹ ርሷል። በሽታው የባሰባት መሰላት። እናቷም እንደዚያው መሰላት። አንዷ ለሌላዋ ግን አልነገረችም፤ በዚህ ቤት ከባድ ነገር ሁሉ የሚታለፈው እንዲያ ነው። እናቷ በሰላምታና በይቅርታ መሀል የሆነ ፈገግታ ፈገግ ትላለች፣ እትዬ «ምንም አይደለም» ትላለች፣ አንሶላው ይነሣል። ከዚያ በኋላ ነው ብርጭቆዎቹ እንደሞሉ መገኘት የጀመሩት። ትናንት ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ስታገኘው ደስ አላት፤ ዛሬ ጠዋት ግን አልጋው ስር ያለውን የመታጠቢያ ሳህን ስትስበው ንጹሕ ውሃ ተኝቶበታል። እናቷ በምትሠራው አንድ እጇ አጎንብሳ እንዴት እንዳፈሰሰችው እግዜር ይወቅ።

ስድስት ሰዓት ላይ ነርሷ መጣች። በየአስራ አምስት ቀኑ ደም ግፊት ልትለካ የምትመጣ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ የምትገባ፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። የእናትየውን እጅ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆየ። «ምላስዎን ያሳዩኝ እናቴ» አለች። ምላሷ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ባልዲው ውስጥ የነበረውን የመጨረሻ ጨርቅ ቀለምና ሽታ አየች፤ ከዚያ ለእትዬ በዓይኗ ምልክት ሰጥታ ወደ ኮሪደሩ አስከተለቻት።

«ውሃ አይጠጡም?»

«አስቀምጥላታለሁ። አትጠጣም።»

«እስከ ነገ ጠዋት በደንብ ካልጠጡ ሐኪም ቤት መተኛት አለባቸው። በእሳቸው ዕድሜ ኩላሊት አንዴ እንቢ ካለ መመለሻ የለውም። እያስፈራራሁሽ አይደለም እትዬ፣ የማየውን ነው የምነግርሽ።» ነርሷ ጫማዋን ስታስር ገመዱ ላይ የተሰጡትን ጨርቆች ቀና ብላ አየች። «ብቻሽን ነሽ እንዴ የምታጥቢው?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ደረጃውን ወረደች።

እትዬ ተመልሳ ስትገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ በሥራ ቀን መቼም የማታደርገው ነገር ነው። እናቷ ግድግዳውን ታያለች። «ለምንድን ነው የማትጠጪው?» አለቻት። «እማዬ፣ ልትሞቺብኝ ነው እንዴ?» እናቷ በሽታው ያሰረውን አፏን አስተካክላ ቀስ ብላ አወራች። «አንድ ብርጭቆ ስጠጣ ሁለት ጨርቅና አንድ አንሶላ ታጥቢያለሽ። ቆጥሬዋለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ እዚህ ተኝቼ? መኪናሽ ዝም ሲል እሰማዋለሁ። ቧንቧው ሲከፈት እሰማዋለሁ። ማታ ጣቶችሽን ስታሺም አይሻለሁ።» እትዬ ጣቶቿን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። አሁኑኑ ወርዳ ከመድኃኒት ቤቱ አንድ እሽግ ዳይፐር ገዝታ እንደምትመጣ ተናገረች። እናቷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ወንድምሽ ያፍራል። ለስንቱ ሰው አውርቶታል።»

ማውራትስ አውርቶታል። ባለፈው ሳምንት ስልኩን አውጥቶ አሳይቷቸዋል፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ትልቅ ስክሪን፣ ስክሪኑ ላይ ደግሞ የእነሱ ኮሪደር። ነጫጭ ጨርቆቹ በገመዱ ላይ ተሰልፈው፣ ከጥጋቸው የእትዬ ክርን ብቻ ይታያል። ከሥዕሉ በላይ «ለውጥ ከቤት ይጀምራል» ተብሎ ተጽፏል። «‹እናቴ እንኳን በዚህ ዕድሜዋ› ስላቸው አጨበጨቡ እኮ» ብሎ ነበር፤ እናቱም አብራ ደስ ብሏት ነበር። እትዬ በዚያን ቀን ስልኩን አይታ ወደ ኮሌታዋ ተመልሳ ነበር። ዛሬ ግን ያ ጭብጨባ አሁን የተሰማ ያህል ጆሮዋ ውስጥ ገባና አንገሸገሻት። በማንኪያ ልታጠጣት ሞከረች፤ እናቷ እንደ ሕፃን ከንፈሯን ገጠመች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትለምን፣ ስትቆጣ፣ ደግሞ ስትለምን ዋለች። ኮሌታዎቹ አሥራ አራት ላይ እንዳሉ ናቸው።

አሥር ሰዓት ሲል ሊቀመንበሩ ከነሚስቱ ደረሰ። ሚስቱ ደግ ናት፤ ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም፣ ዛሬም በጨርቅ ቦርሳ ብርቱካን ይዛለች። እትዬ የነርሷን ቃል ነገረቻቸው፤ እናቷ እየሰማች መሆኑ ቢያሳፍራትም በሙሉ ነገረቻቸው። ጨርቁ አልይዝ ማለቱን፣ አንሶላው በቀን ስንቴ እንደሚነሣ፣ ብርጭቆዎቹን፣ ሳህኑን። ሊቀመንበሩ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ፤ እናቱን እንደሚወዳት ለማየት ያን ፊት ማየት ይበቃ ነበር። ሚስቱ ግን ተነሥታ ከተከመሩት አንድ ደረቅ ጨርቅ አነሣችና በእጇ ዳበሰችው፣ አሸተተችው፣ ከብርጭቆው ጥቂት ውሃ ጠብ አደረገችበት። ውሃው ጨርቁ ላይ ድቡልቡል ብሎ ቆሞ፣ ስታዘነብለው ተንከባሎ መሬት ወደቀ።

«እትዬ፣ የልብስ ማለስለሻ ታደርጊበታለሽ እንዴ?»

ታደርጋለች። ፀሐይ ላይ ሲደርቁ ድርቅ ብለው የእናቷን ቆዳ እንዳይቧጥጡ ብላ፣ ከራሷ ኪስ፣ ውዱን፣ ሕፃን የተሣለበትን። «አይደረግበትም እኮ፣ ውሃ መምጠጡን ያቆማል» አለች ሚስትየው እያዘነች። «ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።» የትኛው ወረቀት? ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ነዋ። ካርቶኑ የት አለ? ካርቶኑ ለማሳያ ተብሎ ሊቀመንበሩ ቢሮ ነው ያለው። እትዬ አሥር ቀን ሙሉ እናቷን ያስጠማት የገዛ እጇ መሆኑን ስትረዳ የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ሊቀመንበሩ ግን ፊቱ ተፈታ። ትንፋሹ ተመለሰለት፣ እንዲያውም ሳቀ። «እፎይ! በቃ ጨርቁ ምንም ችግር የለበትም ማለት ነው!» አለ። ሚስቱ ማለስለሻው እንዲለቅ ጨርቆቹ በሙሉ ሦስት ጊዜ መፍላት እንዳለባቸው ስትነግረው «ቀላል ነው» አለ፤ ሰዓቱን አየ። «ውሃው እስከ አሥራ ሁለት አለ አይደል እትዬ? ትደርሺያለሽ።»

እትዬ ከወንበሩ ልትነሣ የመኪናውን ጠረጴዛ ያዘች። በዚያች ሰዓት እንኳ ልትነሣ ነበር።

«ውሃ ስጡኝ» አለች እናትየው ከአልጋው።

ሁሉም ዞሩ። ሊቀመንበሩ ራሱ ሮጦ ብርጭቆውን አነሣ፣ ከአንገቷ ደግፎ አስጠጣት። ጨረሰችው። «ድገመኝ» አለች። ሁለተኛውንም ጨረሰች፤ ግማሹ በታመመው የአፏ ጎን ፈሶ ደረቷን አረጠበው፣ እሷ ግን ዓይኗን ከልጇ ላይ አላነሣችም። ሦስተኛውን እንዲሞላ ራሷ በጣቷ አሳየችው። እሱ በደስታ እንባ ቀረሽ ሆኖ «ጎበዝ እማዬ፣ ጎበዝ!» ይላታል።

«አሁን ተቀመጥ» አለችው። «ሲመጣ አንተ ነህ የምትቀይረኝ።»

መጀመሪያ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። ከዚያ ሚስቱን አየ፣ እህቱን አየ። «እኔ? እማዬ፣ ወንድ ልጅሽ እኮ ነኝ!» «ስወልድህ አይቼዋለሁ» አለችው። ሚስትየው ፈጥና «እኔ እቀይርዎታለሁ እማማ» ብላ ተነሣች። «አንቺ አይደለሽም ልጄ። አንቺ ተባረኪ፤ አንቺ ጨርቅ ነው የገዛሽው፣ አዳራሽ አልሰበሰብሽብኝም።» ሊቀመንበሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስብሰባ እንዳለው ሊናገር ጀመረ። «ስብሰባው ይኸው» አለችና በጤነኛ እጇ ወንበሩን አሳየችው። «እሷ ካነሣችኝ ግን ከእንግዲህ ጠብታ አልጠጣም። ሰምታችኋል።»

እንግዲህ ተቀምጠው ጠበቁ። እንዲህ ያለ መጠበቅ እትዬ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። አራት ሰዎች አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የአንዲት አሮጊት ሽንት ይጠብቃሉ፤ ማንም ደግሞ ይህን መጠበቃቸውን አይናገርም። ሚስትየው ብርቱካን ላጠች፣ ማንም አልበላም። ሊቀመንበሩ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ሁለቴም አጠፋው። ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ ላይኛው ፎቅ ተከራይ ጠየቀ፣ ከዚያ ወሬው አለቀበትና ገመዱ ላይ ያሉትን ጨርቆች በበሩ በኩል ያያቸው ጀመር። እትዬ እጇ ሥራ ሲፈታ ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት አንድ ኮሌታ አንሥታ ማጠንከሪያውን አስገባችና መኪናዋን ነዳች። በቀኑ ውስጥ መኪናው ሳይቋረጥ የሠራው በዚያች አርባ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሰባት ኮሌታ ወጣ። እናቷ ዓይኗን ጨፍና ድምፁን ታዳምጥ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት አለፍ ሲል «መጣ» አለች፤ ዓይኗን ሳትገልጥ። ከዚያ ሁለቱን ሴቶች አስወጣቻቸው።

እትዬ ኮሪደሩ ላይ፣ በእርጥቦቹ ጨርቆች መሀል ቆመች። ከውስጥ ለረዥም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ቀጥሎ «እትዬ፣ ከየት ነው የሚፈታው?» የሚል ድምፅ መጣ፤ በስድስት ዓመቱ የጫማ ገመድ አልታሰር ሲለው የነበረው ድምፅ። በሩን ገርበብ አድርጋ «ከጎን ነው። መጀመሪያ ወደ ግድግዳው አዙራት፤ ወገቧን ነው የምትደግፈው፣ እጇን አትጎትት» አለችው። ማየት አልፈለገችም፣ ግን በክፍተቱ በኩል አየችው። እጆቹ ይሠራሉ፣ ፊቱ ግን ወደ መስኮቱ ዞሯል፤ አገጩ ትከሻው ላይ እስኪያርፍ ድረስ። እናቷ ደግሞ ብርድ ልብሱን በጥርሷ ነክሳ ፊቷን ሸፍናለች። እንኳን ልጇ ፊት፣ ሐኪም ፊት ቀሚሷን ገልጣ የማታውቅ ሴት ናት። እትዬ በሩን ዘጋችው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ «ላስቲኩ አልዘረጋ አለኝ» ሲል በሩን ሳትከፍት እንዴት እንደሚዘረጋ ነገረችው።

ሲወጣ ጨርቁን ከአካሉ አርቆ ይዞታል። ሸሚዙ እጅጌው ድረስ ርሷል። «የት ላድርገው?» አለ። ሳፋውን አሳየችው። «እጠበው። ውሃው ሊሄድ ነው፣ ቶሎ በል።» ሚስቱ ልትቀበለው እጇን ዘረጋች፤ እሱ ራሱ አልሰጣትም፣ ያ ለእሱ ሊቆጠርለት ይገባል። ሳፋው ላይ አጎነበሰ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ሳሙናው በማለስለሻው ላይ አይዝም፣ እያዳለጠው ሁለቴ ሦስቴ ጣለው። ትንሽ ካሸ በኋላ ቀና ሳይል «ይሄ በቀን ስንት ጊዜ ነው?» ሲል ጠየቃት።

«ዛሬ ስላልጠጣች አራት ጊዜ ብቻ ነው» አለችው።

ጨርቁን እንደገና ማሸት ጀመረ። የቧንቧው ድምፅ ብቻ ቀረ። እሱም ቢሆን እየቀጠነ ነበር።

እትዬ ገባች። ላስቲኩ ጠማማ ነው፣ ጨርቁ ባንድ በኩል ላልቷል፤ ልታስተካክለው እጇን ዘርግታ ተወችው። እናቷ ብርድ ልብሱን ከፊቷ ላይ አላነሣችም። ከስሩ ትንፋሿ ይሰማል፤ እያለቀሰች ነው። እትዬ አልጋው ላይ ተቀምጣ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ፊቱን አይተሽዋል?» አለች እናቷ ከብርድ ልብሱ ስር።

«አይቼዋለሁ።»

«ተጸየፈኝ?»

ውጭ ሳፋው ሲገለበጥና ውሃው ደረጃውን እየወረደ ሲፈስ ተሰማ፤ ሊቀመንበሩ «ኧረ!» ሲል፣ ሚስቱ ስታረጋጋው። እትዬ በሕይወቷ ለእናቷ የዋሸቻቸው ውሸቶች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉንም ታስታውሳቸዋለች።

«አልተጸየፈሽም» አለች።

እናቷ ልጆቿን የምታውቅ ሴት ናት፤ የምትሰማውን ሁሉ የማታምን ሴት ናት። ከዚያ ጤነኛ እጇን ከብርድ ልብሱ ስር አውጥታ የእትዬን እጅ በዳበሳ ፈለገች፣ አገኘችውም፣ በበረኪና የተሰነጣጠቁትን ጣቶች አንድ በአንድ ነካቻቸው።

«ነገም ይምጣ በይው» አለች።